ደረት ላይ የሚሰካ ቃል

ልብስ ሰፊዋ እናት ክፉን ነገር ደጅ ወጥታ የምትቀበል ሴት ነበረች። ስልክ ከጮኸ ሰው ሞቷል። ልጇ ትንሽ ካረፈደች መኪና ገጭቷታል። ጎረቤት በሩን ቀስ ብሎ ካንኳኳ መርዶ ነው፤ በኃይል ካንኳኳ ደግሞ እሳት ነው። በስፌት ቤቱ ከጎኗ ተቀምጣ ቁልፍና ዚፕ የምትሰፋው ባልደረባዋ፣ «አንቺ እኮ ደመና ካየሽ ዋና መማር የምትጀምሪ ነሽ» ትላታለች። እሷም ቀና ሳትል፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብላ ትመልሳለች።

እና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የልጇን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ስትተኩስ፣ በግራ ደረቱ በኩል የተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አየች። ካውያውን አቆመችና ሸሚዙን ወደ መስኮቱ ወስዳ ብርሃን ላይ ዘረጋችው። ብል ነው እንዳትል፣ ብል እንዲህ ተሰልፎ አይበላም። የእስፒል ቀዳዳ ነው። አንድ ጊዜ ተሰክቶ የወጣም አይደለም፤ በየጊዜው እዚያው ቦታ እየተሰካ የወጣ ነው።

ልጇ በጓዳው በኩል እየተንጎራደደች የላቲን ቃላት ታጠናለች። በሰፈሩ ከቅጥነቷ የተነሳ «ሽቦ» ይሏታል፤ እናቷም ስትቆጣ እንደዚያው ትጠራታለች።

«ፑኤላ፣ ልጃገረድ። ፖርታ፣ በር። አንኪላ፣ ባሪያ ሴት። አንኪላ፣ ባሪያ ሴት።»

«ሽቦ! ነይ እስቲ ወዲህ። ይሄ ምንድነው?»

«ምኑ?»

«ቀዳዳው።»

«እ... የላቲን ነው።»

«ላቲን ደግሞ ሸሚዝ ይበሳል?»

«ወረቀት እንሰካለን እማዬ። ቃል ይጻፍበታል፣ ደረት ላይ ይሰካል። ጨዋታ ነው፣ ተይኝ በናትሽ፣ ሰኞ ፈተና አለብኝ።»

«ምን የሚል ቃል?»

«ቅጽል ነው። ረጅም፣ ይበልጥ ረጅም፣ ከሁሉ ረጅም። አሁን ብነግርሽ ይገባሻል?»

እናትየዋ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት አልመጣ ብሏት ወደ መርፌ የገባች ናት። «ይገባሻል?» የምትለዋ ቃል እንደ ሚጥሚጣ ዓይኗ ውስጥ ገባች። ላቲኑን ያስገባቻት እኮ ራሷ ናት። ሕክምና ለሚማር ይጠቅማል፣ ሕግ ለሚማርም ይጠቅማል ሲባል ሰምታ፣ ሌላው ወላጅ «ሙት ቋንቋ ምን ይሠራል?» ሲል እሷ ግን ተሰልፋ ነው ያስመዘገበቻት።

እሁድ ሙሉ ያንን ወረቀት በሐሳቧ ስትጽፈውና ስትደልዘው ዋለች። የልጇ ደረት ላይ ምን ብለው ይሰኩባታል? ቀጭን፣ ይበልጥ ቀጭን፣ ከሁሉ ቀጭን? ይሄስ ይሁን። ደሃ፣ ይበልጥ ደሃ፣ ከሁሉ ደሃ ቢሆንስ? ጫማዋ ሁለቴ ተሰፍቷል። ቦርሳዋ ከመጋረጃ ትራፊ የተሠራ ነው። ልጅቷ ደግሞ ሰሞኑን ዝም ብላለች፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ምሳ ሲበላ አየት አድርጋት፣ «የሚነካሽ ሰው አለ?» ብትላት፣ «ማን ይነካኛል?» አለቻትና ሳቀች። ሳቁ ጭራሽ አላማራትም።

ሰኞ ጠዋት ስፌት ቤት ገብታ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ላይ ተደፋች። ባለዚፕዋ ባልደረባዋ አየቻትና፣ «እህቴ፣ ሰውየው እግር ያለው አይመስልሽም እንዴ? ሱሪውን እኮ ካልሲ አደረግሽው» አለቻት።

እናትየዋ እንባዋ መጣ። ስለ ሸሚዙ ነገረቻት።

«እና እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂና ጠይቂ እንጂ! እኔ እሸፍንልሻለሁ። የሰው ሱሪ ምን አደረገሽ?»

እናትየዋ ሱሪውን ጥላ ተነሳች። መንገዱን ሙሉ ለመምህሩ የምትለውን ስታሰናዳ ሄደች። በመጀመሪያ በትሕትና ጀመረችው። መንታ መንገዱ ጋ ስትደርስ ትሕትናው አለቀ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ዘበኛው «ማንን ፈልገው ነው?» ሲላት፣ «የልጄን አሳዳጅ!» አለችው። ዘበኛው እንዲህ የሚባል ሠራተኛ መኖሩን አስታወሰ አላስታወሰ እንጃ፣ ብቻ አስገባት።

የላቲን መምህሩ ልብሱ የተተኮሰ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ነው። ተማሪዎቹ ፊት ለፊቱ «ቄሳር» ይሉታል፤ ያውቃል፣ ደስም ይለዋል። ክፍሉ በር ላይ አገኘችው።

«ልጄ ደረት ላይ ምንድነው የምትለጥፉት? እናት የሌላት መሰላችሁ?»

እሱ ልጅቷ ማን እንደሆነች ጠየቃትና ስትነግረው ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ።

«የዶሚናችን እናት ነዎት? እንኳን መጡ! ልጅዎ እኮ የክፍሉ ኩራት ናት። ይግቡ፣ ከኋላ ይቀመጡና ራስዎ ይዩት። ወላጅ ሲያይልኝ ደስ ይለኛል።»

የተሰናዳው ንግግር ሁሉ በሩ ላይ ቀረ። ገብታ የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ግድግዳው ላይ የአንድ የሮማ ቤት ሥዕል ተለጥፏል፤ መሐሉ ክፍት ነው፣ ዝናብ የሚጠራቀምበት ገንዳ አለው፣ ዙሪያውን ክፍሎች። ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ከመምህራን ማረፊያ የመጣ ባለ እጀታ ወንበር ቀይ መጋረጃ ለብሶ ቆሟል። ወንበሩ ላይ ልጇ ተቀምጣለች። እግሯን አጣምራ፣ አገጯን ወደ ላይ አድርጋ፣ ቤት ውስጥ አንድም ቀን ያላየችባት አቀማመጥ። ግራ ደረቷ ላይ ደግሞ እስፒሎች በአንድ መስመር ተሰክተው ጭንቅላታቸው ያብለጨልጫል።

እናትየዋ ወደ ራሷ ደረት ጎንበስ ብላ አየች። የሥራ ሽርጧን ሳታወልቅ ነው የመጣችው፤ እዚያም እስፒሎች በአንድ መስመር ተሰክተዋል። ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው እንደዚህ ነው፤ ሌላው ልብስ ላይ የሚሰካውን አስቀድሞ በራሱ ደረት ይሸከማል። ዕድሜ ልኳን የሠራችበት ነገር ነው፤ ግን ሸሚዙን ባየች ጊዜ ትዝ ያላት የተወጋ ሰው ብቻ ነበር። የሚወጋ ሰው በልጇ መልክ አልመጣላትም።

እና መጀመሪያ የተሰማት ምን ነበር ቢባል፣ እፎይታ ነው። ተመስገን፣ የኔዋ አይደለችም! አለች በሆዷ። ይህችን «ተመስገን» ኋላ ላይ ስንት ቀን ረገመቻት።

መምህሩ ለእንግዳዋ ሲል ከፍ አድርጎ አስረዳ። «ሮማውያን ባሪያ ሲሸጡ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያቆሙትና አንገቱ ላይ ጽሑፍ ያንጠለጥሉበት ነበር። ሰነፍ ነው፣ ሌባ ነው፣ ይጠፋል፣ በሽተኛ ነው እያለ ጉድለቱን የሚናገር። ገዢ እንዳይታለል። እኛም ቅጽልን የምናወዳድረው በዚሁ ነው። ቋንቋ ያለ ባህሉ ሬሳ ነው። በቃላት ፈተና አንደኛ የወጣች የቤቱ እመቤት ትሆናለች፣ ዶሚና። የመጨረሻዋ አንኪላ ናት፤ ሰሌዳ ታጠፋለች፣ የእመቤቷን ቦርሳ ትይዛለች። ዶሚና፣ ጀምሪ!»

ሽቦ ብድግ አለች። ሦስት ረጃጅሞች ጠራችና ወረቀት ሰካችባቸው። ክፍሉ «አልታ! አልቲዮር! አልቲሲማ!» ብሎ ጮኸ። ረጃጅሞቹም ሳቁ፤ ይሄኛው እውነትም ጨዋታ ይመስል ነበር።

«ሌላ ቅጽል!» አለ መምህሩ።

«ታርዳ» አለች ሽቦ። «ዘገምተኛ።»

ክፍሉ አስቀድሞ መሳቅ ጀመረ፤ ሦስተኛዋ ማን እንደምትሆን ሁሉም ያውቃል። ሁለት ልጆች ወጡ። ከነሱ ኋላ የታላቋን ዩኒፎርም የለበሰች የምትመስል፣ እጀታዋን ያጠፈች አንዲት ድንቡሽቡሽ ልጅ ወጣች። «ኤሊ» ይሏታል። አንደበቷ ይያዛል።

«እያንዳንዳችሁ አረፍተ ነገሩን በላቲን በሉ» አለ መምህሩ። «ባሪያዋ ውሃ ትሸከማለች።»

የመጀመሪያዋ በአንድ ትንፋሽ አለችው። ሁለተኛዋ መሐል ላይ ቆም ብላ ጨረሰችው። ኤሊ አፏን ከፈተች።

«አ... አ... አን...»

ከኋላ አንዱ ጠረጴዛ መምታት ጀመረ። ሌሎቹ ተቀበሉት። ድም፣ ድም፣ ድም። የልጅቷ ከንፈር ነጣ። «አንኪ... አ... አኳ...» ስትል ሽቦ እንድትጨርስ እንኳ አልጠበቀቻትም፤ ከደረቷ አንድ እስፒል መዝዛ ወረቀቱን ይዛ ወደ እሷ ሄደች። ኤሊም ምንም ሳትባል ሸሚዟን በሁለት ጣቷ ይዛ ከገላዋ ራቅ አደረገችላት፤ እስፒሉ ሥጋዋን እንዳይነካት።

እናትየዋ ያንን የሁለት ጣት አያያዝ አየች። ብዙ ጊዜ የተሰካበት ሰው አያያዝ ነው።

«ታርዲሲማ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«አውጪላት!»

ድምፁ ከኋላ የመጣ ስለሆነ ሁሉም ዞረ። እናትየዋ ቆማለች።

«እማዬ!» አለች ሽቦ፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«አውጪላት አልኩሽ! ዛሬውኑ! አሁኑኑ!»

«እህቴ፣ ይረጋጉ፣ ትምህርት ነው» አለ መምህሩ ፈገግታውን ሳይጥል። «ልጅቷ ራሷ ትስቃለች እኮ፣ ይዩዋት።»

እውነትም ኤሊ ትስቅ ነበር።

«ጥርስ ባዳ ነው፣ ጥርሷን ምን ያሳዩኛል? ዓይኗን አይዩም?» እናትየዋ በወንበሮቹ መሐል ወደ ፊት መጣች። «ሮማውያን ሞተው አፈር ከሆኑ ስንት ዘመናቸው ነው! እርስዎ ምን ቆርጦዎት ነው የሚቀሰቅሷቸው? ሌላ የሚቀሰቀስ ነገር አጥተው ገበያቸውን?»

አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ፤ መምህሩ ሲያያቸው ግን ጸጥ አሉ። ሽቦ አልተንቀሳቀሰችም። ክንዷን አጣጥፋ እናቷን እንደ ባዳ ሰው አየቻት። እናትየዋ ራሷ ጎንበስ ብላ እስፒሉን መዘዘችው፣ ወረቀቱንም ጨመደደችው። ያን ጊዜ ኤሊ ከንፈሯን ወደ እናትየዋ ጆሮ አስጠጋች።

«ይ-ይተዉት እትዬ። ነ-ነገ ይብሳል።»

እናትየዋ ከዚያ ወጥታ የሄደችው ወደ ዳይሬክተሯ ክፍል ነው። ዳይሬክተሯ ጠና ያለች፣ ሰውን ሳታይ የምታዳምጥ ሴት ነች። እስክትጨርስ ጠበቀቻትና፣ «የእርስዎ ልጅ ስንተኛ ናት?» አለቻት።

«አንደኛ።»

«ታዲያ ምን ጎደለባት?»

«እሷ ላይ አይደለም! ሌላዋ ላይ እኮ ነው የምልዎት!»

«ሌላዋ አልከሰሰችም። ወላጆቿም አልመጡም። ወላጅ የሚከሰው ስለ ገዛ ልጁ ነው።»

«አንደበቷ ተይዞ እንዴት አድርጋ ትክሰስ?»

«እንግዲህ» አለች ዳይሬክተሯ። «እንግዲህ» ማለት ውጪ ማለት ነው።

የዚያን ቀን አመሻሽ ቤታቸው ቤት አልነበረም። ሽቦ ቦርሳዋን ወርውራ ገባች።

«አዋረድሽኝ! በሽርጥ መጥተሽ! በሁሉም ፊት! ነገ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?»

«እኔ ላፍር ወይስ አንቺ? ያቺ ልጅ ምን አደረገችሽ? ምን በደለችሽ?»

«ምንም! ምንም አላደረገችኝም! የመጨረሻ ወጣች፣ በቃ። እኔ ነኝ እንዴ የመጨረሻ ያወጣኋት?»

«ሰው ነች እኮ! የሰው ልጅ ነች!»

«ኧረ?» ልጅቷ ዞረችባት። «'ካልቀደምሽ ይቀድሙሻል፣ ከላይ ካልሆንሽ ይረግጡሻል' የሚለኝ ማነው? ጠዋት ፀጉሬን እየሠራሽ፣ ማታ እግሬን እየታጠብኩ፣ ሌላ ወሬ አለሽ? ይኸው ከላይ ሆንኩልሽ። ምን አድርጊ ትይኛለሽ?»

«እኔ ያልኩሽ እንዳይረግጡሽ ነው። ርገጪ መች አልኩሽ?»

«እዚያ ክፍል ሁለቱ አንድ ነው እማዬ! አልገባሽም። ወንበሩ ላይ ያልተቀመጠ ይሰካበታል። እኔ ከወረድኩ በማግስቱ ደረቴ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ይሰካብሽ!»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እናትየዋ ራሷ ደነገጠች። ልጇ ጉንፋን እንዳይነካት ስትል በበጋ ሹራብ የምታለብስ ሴት እንዲህ አለች። ቃሉን መመለስ ፈለገች፣ ጊዜ ግን አላገኘችም። ሽቦ በሩን ወርውራ ዘጋችው። የግድግዳው ሰዓት ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት እናትና ልጅ በ«ጨው አቀብይኝ» ብቻ ነበር የሚነጋገሩት። እናትየዋ ስፌት ቤት ቁጭ ብላ ንዴቷን የምታራግፍበት አጣች። መምህሩን ረገመች፣ ዳይሬክተሯን ረገመች፣ ዞራ ራሷ ላይ መጣች። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» አለች ለራሷ። ባለዚፕዋ ባልደረባዋ፣ «ልጅ ነች፣ ይገባታል» ስትላት፣ «አይገባትም! ልቧ ደንድኗል፣ እኔው ነኝ ያደነደንኩት» ብላ ጮኸችባት። ደንበኞች ሁሉ ቀና አሉ።

ዓርብ ደግሞ የላቲን ክፍለ ጊዜ አለ። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሄዳ ቆመች። ምን እንደምትጠብቅ አታውቅም፤ ብቻ ክፉ ነው። ተማሪው ጎረፈ። ሁሉም ካለፈ በኋላ፣ ግቢው ጭር ሊል ሲል፣ ሽቦ ብቅ አለች። ቀጥ ብላ ነው የምትራመደው። ዓይኗ አብጧል። ደረቷ ላይ ወረቀት ተሰክቷል፤ ጽሑፉ ትልልቅ ነው።

«ምንድነው የሚለው?» አለች እናትየዋ።

«ፔሲማ። ከሁሉ የከፋች። ደስ አለሽ?»

«ማን ነው... ምን አደረግሽ?»

«አልሰካም አልኩት።» ንዴት ቃሏን ይቆራርጠው ነበር። «'ዶሚና፣ ጀምሪ' አለኝ፣ አልሰካም አልኩት። የቤቱን ሕግ እምቢ ያለች ትወርዳለች አለ። ሁለተኛ የወጣችውን አስቀመጣትና በራሴው እስፒል ሰካችብኝ። ሁሉም ጠረጴዛ መታብኝ። ትናንት ጓደኞቼ የነበሩት ሁሉ! 'ይሰካብሽ' አልሽ አይደል? ይኸው ተሰካብኝ!»

እናትየዋ እጇን ወደ ወረቀቱ ሰደደች።

«እንዳትነኪው!» ሽቦ ወደ ኋላ ሸሸች። «ዳይሬክተሯ እስክታየው አላወጣውም። የገዛ ልጁን ነው ወላጅ የሚከሰው አላለችሽም? በይ ነይ፣ ክሰሺ።»

እናትየዋ ልታቅፋት ነበር፤ ነገር ግን ልጇ በዚያች ሰዓት የምትታቀፍ አልነበረችም። ተከተለቻት። ግማሽ ግቢ ሳይሄዱ ከኋላቸው ኮቴ ሰሙ። ኤሊ ነች፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ታቅፋ እየሮጠች ደረሰችባቸው። ሽቦን አላየቻትም፤ ያየችው እናትየዋን ነው።

«እ-እኔም እ-እገባለሁ።»

«ለኔ ብለሽ ከሆነ ተመለሺ» አለች ሽቦ ዞር ሳትል፣ አቀርቅራ። «እኔ አንቺ ስትፈልጊኝ አልቆምኩልሽም።»

«ላ-ላንቺ አይደለም» አለች ኤሊ። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። «አ-አንቺንም እ-እከስሻለሁ።»

ሽቦ ራሷን ነቀነቀችና መንገዱን ለቀቀችላት።

ዳይሬክተሯ ወደ ቤቷ ልትሄድ ቦርሳዋን እየዘጋች ነበር። ሦስቱንም አየች፤ ወረቀቱንም አየች።

«ዛሬ ደግሞ ምንድነው?»

እናትየዋ አፏን ስትከፍት ልጇ እጅጌዋን ይዛ ጎተተቻት። ኤሊ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

«መ-መም... መምህሩ...»

«ሰደበሽ?» አለች ዳይሬክተሯ፣ ልትረዳት።

«አ-አይ... በ-በየ...»

«መታሽ? አስፈራራሽ? ቶሎ በይ ልጄ፣ ሠርቪሱ ይሄድብኛል።»

«ትጨርስ!» አለች ሽቦ። ድምፅዋ ጣሪያውን ነካ። «አያቋርጧት! ማንም አስጨርሷት አያውቅም! እኔም አስጨርሻት አላውቅም!»

ዳይሬክተሯ ቀላች። በልማዷ ብትሆን ሽቦን ታስወጣት ነበር። ግን ያ ደረት ላይ የተሰካው ወረቀት ፊት ለፊቷ ነው፤ ወዴትም ብትዞር ታነበዋለች። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ኤሊ ትንፋሽ ወሰደች።

«ከ-ከመጀመሪያው እ-እጀምራለሁ» አለች።

ጀመረች። ከመጀመሪያው ሳምንት፣ መጀመሪያ ከተሰካባት ቃል። አንዱ ፊደል ላይ ስትያዝ ቃሉ እስኪወጣላት ብዙ ያስጠብቅ ነበር። እናትየዋ ብዙዎቹን ቃላት አስቀድማ አወቀቻቸው፣ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥተው በሏት፤ ጥርሷን ነክሳ ዋጠቻቸው። ውጭ የሠርቪሱ ጥሩምባ ጮኸ። ዳይሬክተሯ ወደ መስኮቱ አየች፣ መልሳ ወደ ልጅቷ አየች፣ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ቀ-ቀጥሎ» አለች ኤሊ፣ ጣቷን ወደ ሽቦ እየቀሰረች፣ «ይ-ይቺ...»

ሽቦ አንገቷን አልደፋችም። ቆማ ጠበቀች። እናቷም አልተከላከለችላትም።